እንደ ሴዛን ፖም ለመሳል ጥቁሩን ቀለም አርቁት

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ሴዛን (1839–1906) ዕድሜውን ሙሉ ደጋግሞ ከሳላቸው ነገሮች አንዱ ፖም ነው። ግዑዝ ነገር ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ መሳል፣ ማለትም ስቲል ላይፍ፣ ቀላል ይመስላል። እኔም መስሎኝ ነበር።

አራት ፖም፣ አንድ ጠርሙስና ነጭ ጨርቅ መስኮት አጠገብ አስቀምጡ። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ይምጣ። ጨርቁን አታስተካክሉት፣ ይጨማደድ። ሴዛን ፍራፍሬው እሱ በሚፈልገው በኩል እንዲያዘነብል ከስሩ ሳንቲም ይከት ነበር። እኔ የታጠፈ ካርቶን እከታለሁ። ለቤተሰቡም «ይሄ አይበላም» ብላችሁ ተናገሩ። እኔ ሳልናገር ቀርቼ፣ በማግስቱ ስመለስ ዋናው ፖም ተበልቷል።

ዘይት ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ ለጀማሪ ይመቻል። አክሪሊክም (በውሃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ይሆናል። ብሩሹ ጠፍጣፋና ሰፋ ያለ ይሁን። ቀጭን ብሩሽ ከያዛችሁ የፖሙን ጭራ ስታሳምሩ ትውላላችሁ። ከዚያ በቀጠነ ሰማያዊ ቀለም ቅርጾቹን በስሱ ንደፉ።

አሁን ፖሙን ማድበልበል ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ፖሜን ቀይ ቀባሁት። ጥላ ላለበት ጎን ቀዩ ላይ ጥቁር ጨመርኩ። ውጤቱ ወድቆ የተመታ ፖም ሆነ፦ ቡናማ፣ ቆሻሻ፣ ከዚያም በላይ ጠፍጣፋ። ጥቁር እየቀነስኩ፣ ነጭ እየጨመርኩ ሦስት ቀን ለፋሁ። በመጨረሻ ሸራውን ፋቅሁት።

ሴዛን ጥቁር ቀለም አልነካም ማለቴ አይደለም። ፖሙን የሚያድበለብለው ግን በዋናነት ቀለም በመቀየር ነው። ሞቃት ቀለም ወደ ዓይን ይቀርባል፣ ቀዝቃዛው ይሸሻል። ስለዚህ ወደ እናንተ ያበጠው ቦታ ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ አሳርፉ። ከጎኑ ቀይ። ቀጥሎ ጠቆር ያለ ቀይ። ዳር ላይ፣ ፖሙ ወደ ኋላ ሲዞር፣ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ። እያንዳንዱን በአንድ ምት አስቀምጡና እጃችሁን አንሱ። አታዋህዷቸው! በጣት ማሸት ያምራል፣ አውቃለሁ፤ ግን ያኔ ሁሉም ጭቃ ይሆናል። በየቀለሙ መሃል ብሩሹን በጨርቅ ጥረጉ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ከሦስት እርምጃ ርቀት እዩት። ከቅርብ ጥፍጥፍ የሚመስለው ከሩቅ ይከብባል።

የጠረጴዛውን ጠርዝ በማስመሪያ እንዳትነኩት። ቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ያለውን፣ በ1893 አካባቢ የተሳለውን «የፖም ቅርጫት» ተመልከቱ፤ ከጨርቁ ግራና ቀኝ የሚታየው ጠርዝ አይገጥምም። ጠርሙሱም ዘመም ብሏል። ሴዛን ሁሉን ነገር ከአንድ ቦታ ቆሞ እንዳየው አድርጎ አይስልም። እኔ የራሴን ጠርዝ ቀጥ ሳደርገው ሥዕሉ የሱቅ ማስታወቂያ መሰለ።

ጨርቁን በግራጫ፣ በፈዛዛ ሰማያዊና በቢጫማ ጀምሩ። ንጹህ ነጭ መጨረሻ ላይ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ። ያልተሸፈነ ሸራ ከቀረ ተዉት፤ ሴዛንም በኋለኞቹ ሥራዎቹ ይተወው ነበር።