በጣና ላይ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ጀልባ ዳሽቦርድ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ መንገደኛ ይዞ የሚጓዝ ጀልባ ሞተሩ መሐል ሐይቅ ላይ ቢጠፋ፣ እንደ መኪና ዳር ይዞ መቆም ስለማይችል ለነፋስና ለሞገድ ይጋለጣል። ስለዚህ በዲጂታል ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ የታመመው ሞተሩ ነው ወይስ የተበላሸው ሴንሰሩና ሽቦው የሚለውን በቶሎ መለየት ያስፈልጋል፤ እስኪለይ ድረስ ግን ማስጠንቀቂያው እውነት ነው ተብሎ መያዝ አለበት።

ሙቀቱ ቀስ በቀስ ሲወጣ

ንባቡ ጀልባው ሲፈጥን የሚጨምር፣ ሲዘገይ ደግሞ የሚቀንስ ከሆነ የጋለው ሞተሩ ራሱ መሆኑ አይቀርም፤ የተበላሸ ሴንሰር እንዲህ የሞተሩን ጭነት እየተከተለ አይወጣም፣ አይወርድም። በጣና ላይ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የሐይቁ ውኃ የሚገባበት ቀዳዳና ማጣሪያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው እምቦጭ ሥሩና ቅጠሉ እየተቆራረጠ ወደ መግቢያው ይሳባል፤ በክረምት ደግሞ ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ ይዘውት የሚመጡት ደለል ይጨመርበታል።

ነጂው ሞተሩን ወደ ዝቅተኛ ዙር አውርዶ ከጭስ ማውጫው ጋር የሚወጣውን ውኃ ይመልከት። ውኃው ከቀነሰ መልሕቅ ጥሎ ሞተሩን ያጥፋ፣ የመግቢያውን ቫልቭ ይዝጋ፣ ከዚያም ማጣሪያውን ከፍቶ ያጽዳ። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ውኃው አሁንም ደካማ ከሆነ የውኃ ሳቢው ፖምፓ የጎማ ኢምፔለር (እየዞረ ውኃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ክፍል) ይፈተሽ፤ ያለ ውኃ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ከዞረ ክንፎቹ ይቆረጣሉና። ብዙ ጊዜ ኢምፔለሩ ይቀየርና የተቆረጡት የጎማ ቁርጥራጮች በቧንቧው ውስጥ ይረሳሉ፤ እነዚያው ሄደው የሙቀት መለዋወጫውን (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሙቀቱን ለሐይቁ ውኃ የሚያስተላልፍበትን ክፍል) ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናሉ፣ ሞተሩም አዲስ ኢምፔለር ገብቶለት ሳለ ዳግመኛ ይግላል። ቁርጥራጮቹ በሙሉ ካልተገኙ ጥገናው እንዳለቀ መቆጠር የለበትም።

የሐይቁ ከፍታም መታሰብ አለበት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የማቀዝቀዣው ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው፣ ለባሕር ጠለል የተስተካከለው ማስጠንቀቂያ ከመጮሁ በፊት ፈሳሹ ሊፈላ ይችላል። ክዳኑ መፈተሽ ያለበትም ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው።

ንባቡ በቅጽበት ሲዘል

የሞተር ሙቀት በአንድ ሰከንድ ከ80 ወደ 120 ዲግሪ አይዘልም፤ እንዲህ ያለ ዝላይ በአብዛኛው ከሽቦ ወይም ከሴንሰር የሚመጣ ነው። የተለመደው የሙቀት ሴንሰር ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚቀንስ በመሆኑ፣ ሽቦው ከሞተሩ አካል ጋር ሲነካካ ዳሽቦርዱ ከፍተኛ ሙቀት ያሳያል፣ ሲበጠስ ደግሞ ዝቅተኛ። የበለጠ አደገኛው ሁለተኛው ነው፤ ሞተሩ እየጋለ ዳሽቦርዱ ቀዝቃዛ ነው ይላል፣ ማስጠንቀቂያም አይሰማም።

ባለ አንድ ሽቦ ቀላል መለኪያ ከሆነ ቁልፉ ተከፍቶ ሽቦው ከሴንሰሩ ይነቀል፦ ንባቡ ወደ ታች መውረድ አለበት። የሽቦው ጫፍ የሞተሩን አካል ሲነካ ደግሞ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ሁለቱም ከታዩ ሽቦውና መለኪያው ጤነኛ ናቸው፣ የሚቀየረው ሴንሰሩ ነው። በኮምፒውተር በሚመሩ ሞተሮች ላይ ግን ይህ ሙከራ ፈጽሞ አይደረግም፤ የሴንሰሩ መቋቋም በማልቲሜትር ተለክቶ ከአምራቹ መመሪያ ጋር ይነጻጸራል። አንድ ንባብ ብቻውን አይታመንም። ንባቡን ለማመሳከር በእጅ የሚያዝ የጨረር ቴርሞሜትር በበቂ ሁኔታ ይሠራል።

ብዙ መለኪያዎች አብረው ሲቃወሱ

ሙቀቱ፣ የዘይት ግፊቱና ነዳጁ በአንድ ጊዜ ከተዘበራረቁ ሦስት ሴንሰር በአንድ ጊዜ ተበላሸ ከማለት በፊት ኤሌክትሪኩ ይፈተሽ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ 12.6፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ሞተሩ እየሠራ ከ13 በታች ከሆነ የዲናሞው ቺንጋ ይታይ። ባትሪው ላይ ትክክል ሆኖ ዳሽቦርዱ ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ ከጎደለ፣ በእርጥበት የዛገ ማያያዣ ወይም ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደው ገመድ ላልቷል፤ ይጽዳ፣ ይጥበቅ።

ጀልባው ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ ማውጫው ፖምፓ ካልተነሣ

ተንሳፋፊው ማብሪያ በአረም ወይም በጭቃ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ከመነሣት በፊት በእጅ ከፍ ተደርጎ ፖምፓው መሥራቱ ይረጋገጥ።

ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ስለጮኸ የድምፅ ሽቦውን የሚቆርጡ አሉ። ሽቦው የተቆረጠ ጀልባ እስኪጠገን ድረስ መንገደኛ መጫን የለበትም።