ፑንታ አልበሳ ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ይህን ስለ ፑንታ፣ ትራፓኖ (የመብሻ ማሽን) ላይ ስለሚታሰረው መብሻ፣ የምጽፈው እዚህ ጎንደር የብረት በርና መስኮት ለምትሠሩ ልጆች ነው። ብረቱን በሞርሳ (በብረት መያዣው) አስራችኋል፣ የሚበሳውን ቦታ በነጥብ መምቻ መትታችኋል፣ ትራፓኖው ወደ ቀኝ ይዞራል ብዬ ነው የምጀምረው።

ፑንታው ይጮሃል፣ ይጨሳል፣ ግን አይገባም

እኔ ጋ ከሚመጣው አብዛኛው ይሄ ነው። ሰው ወዲያው «ፑንታው ፎርጅድ ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው አሳሳሉ ላይ ነው። የፑንታ ጫፍ ሁለት ከንፈር አለው፤ ብረቱን የሚቆርጠው እሱ ነው። ከከንፈሩ ኋላ ያለው ጀርባ ዝቅ ማለት አለበት፤ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃል። ጀርባው ከፍ ካለ ብረቱን ያሸዋል እንጂ አይቆርጠውም። ብትጫኑት የምታተርፉት ሙቀት ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት አዘዞ አንድ ወርክሾፕ ተጠርቼ ሄድኩ። የግቢ በር ማጠፊያ ሊያስሩ 8 ሚሊ ውፍረት ያለው አንግል (ባለ ማዕዘን) ብረት ላይ በባለ 10 ሚሊ ፑንታ ይታገላሉ። አንዱ ልጅ ትራፓኖውን በደረቱ ተጭኖታል፤ ሌላው ከኋላ እሱን ይገፋዋል። ጫፋቸው ሰማያዊ የሆነ ሦስት ፑንታዎች መሬት ላይ ወድቀዋል። አንዱን አነሳሁና ወደ በሩ ብርሃን ዞርኩ። ጀርባው ከከንፈሩ በላይ ቆሟል፣ በዓይን ይታያል። የተቃጠለውን ጫፍ በመሳያ ድንጋይ ፈጭቼ አነሳሁት። ከዚያ ከንፈሩን ከድንጋዩ ፊት በ59 ዲግሪ አግድም ያዝኩ፤ ድንጋዩ ሲነካው የፑንታውን ጭራ ቀስ አድርጌ ዝቅ አደረግኩ። ሁለተኛውንም ከንፈር እንዲሁ። በዚያው ፑንታ፣ በዚያው ብረት፣ ከሁለቱም ጎን እኩል የተጠመዘዘ ፍቅፋቂ እንደ ሹሩባ ወረደ። የጣሉትን ሁለቱንም አንስተን ሳልናቸው።

ስትስሉ ፑንታው ከጋለ አየር ላይ ይብረድ። የጋለ ኤችኤስኤስ (ሙቀት የሚችል የፑንታ ብረት) ውሃ ውስጥ ከነከራችሁት ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያወጣል።

አሳሳሉ ደህና ሆኖም ከተቃጠለ ፍጥነቱን እዩ። ለተራ ብረት ባለ 10 ፑንታ በደቂቃ 800 ዙር አካባቢ፣ ባለ 5 ደግሞ 1,600 አካባቢ ይበቃዋል። ትልቅ ፑንታ አስራችሁ ማስነሻውን እስከ መጨረሻው አትጫኑ! ዘይት ጠብ አድርጉ።

ስለ ፎርጅዱም ልናገር። ወርቃማ ቀለም አይሸውዳችሁ፤ ጫፉን አንዴ ስትስሉት ቀለሙ ከዚያ ይለቃል። እውነተኛ ኤችኤስኤስ እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጥንካሬውን ይይዛል። ርካሹ የካርቦን ብረት 200ን አልፎ ሲግል መለስለስ ይጀምራል። በሁለት ቀዳዳ የሚያልቅ ፑንታ የሚሸጥ ሰው የሠራተኛውን ቀን ነው የሚሰርቀው።

ቀዳዳው ከፑንታው ሰፋ

አንዱ ከንፈር ከሌላው ረዝሟል። እኩል አድርጋችሁ ሳሉ።

ሊወጣ ሲል ተሰበረ

ጫፉ ብረቱን ሊያልፍ ሲል እጃችሁን አላላችሁም። ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) ላይ ይበዛል፣ ግድግዳው ስስ ነው።

የግንብ ፑንታ ብረት አልበሳም አለ

አይበሳም። የተሠራው ድንጋይና ብሎኬት እየፈጨ እንዲገባ ነው።

አይዝጌ ብረት ላይ ቆመ

ፑንታው አንድ ቦታ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ብረቱ ይበልጥ ይጠነክራል። ፍጥነት ቀንሱ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑ፣ ኮባልት ያለበት ፑንታ ግዙ።

ጓንት አድርጋችሁ አትብሱ። ፑንታው ጓንቱን ከያዘ ጣት ይዞ ይሄዳል። ፍቅፋቂውንም በእጅ አትጎትቱ። መነጽር አድርጉ።

ከበሳችሁ በኋላ የቀዳዳውን ጠርዝ በጣት ሳይሆን በዓይን እዩ፤ ከጀርባ በኩል እንደ እሾህ የቆመ ብረት አለ። ከቀዳዳው የሚሰፋ ስለታም ፑንታ በእጃችሁ ሁለት ሦስቴ አዙሩበት፣ ይላጫል። ዝም ብላችሁ ከቀባችሁት ቀለሙ እዚያ ጠርዝ ላይ ይሳሳል፤ ክረምት ሲገባ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያው ነው።