«እኛ ቀለም አናይም» በሚባልበት መሥሪያ ቤት ስውር አድልዎን መዝግቦ ማመልከት

አሜሪካ ውስጥ ሠራተኛን በዘሩ ማበላለጥ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ወዲህ ክልክል ነው። «ጥቁር ስለሆንክ አላሳድግህም» ብሎ አፉን የሚከፍት አለቃ ዛሬ እምብዛም አይገኝም። የሚሰማው «እኛ ቀለም አናይም፤ የምናየው ብቃት ነው» የሚል ነው። ተናጋሪው ከልቡ ሊሆን ይችላል። ግን ለማን ምን እንደተሰጠ፣ ማን ምን እንደተቀጣ ቆጥሮ ስለማያውቅ አድልዎው አይታየውም። ስለዚህ ሰውየው ዘረኛ መሆኑን ለማሳየት አይድከሙ። የሚያስፈልግዎ ንጽጽር ነው፦ አንድ ደንብ፣ አንድ ዓይነት ጥፋት፣ ሁለት ዓይነት ቅጣት።

ማስታወሻውን በግል ደብተርዎ ይያዙ እንጂ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር አይጻፉ፤ ከሥራ የተሰናበቱ ዕለት ይዘጋብዎታል። «ንቆኛል»፣ «ፊቱን አጠቆረብኝ» የሚል ጽሑፍ ለመርማሪ ብዙም አይጠቅመውም። እንዲህ ይሻላል፦ «ማርች 4፦ 7 ደቂቃ አረፈድኩ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ማርች 11፦ በእኔው ሺፍት፣ በእኔው ሱፐርቫይዘር ሥር የሚሠራ ነጭ ባልደረባዬ 25 ደቂቃ አረፈደ፤ በቃል ብቻ ተነገረው።» በሥራ፣ በአለቃና በጥፋት የሚመሳሰልዎትን ሰው ይምረጡ። ሌላ ክፍል ካለ ሠራተኛ ጋር ካነጻጸሩ የድርጅቱ ጠበቃ በአንድ ጥያቄ ያፈርሰዋል።

ዕድገት ሲከለከሉ የሚሰጠው ምክንያት ብዙውን ጊዜ የማይጨበጥ ነው፦ «ከቡድኑ ጋር አይገጥምም»፣ «በራሱ አይተማመንም»። በኢሜይል ይጠይቁ፦ የጎደለኝ መመዘኛ የትኛው ነው? መልሱ ዛሬ አንድ፣ ከወር በኋላ ሌላ ከሆነ፣ መቀያየሩ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። «አክሰንትህ ከባድ ነው» ከተባሉም ይጻፉት፤ አክሰንት ምክንያት መሆን የሚችለው ሥራውን በእርግጥ ሲያደናቅፍ ነው። «እናንተ ኢትዮጵያውያን እንደነዚያ ጥቁሮች አይደላችሁም» የሚለውንም ምስጋና (ብዙዎቻችን ደስ ብሎን እናልፈዋለን) ከነቀኑ ያስፍሩ። ቀለም አላይም የሚል ሰው ሠራተኛውን በዘር እየለየ እንደሚመድብ ያሳያል።

ስልክዎን ደብቀው ከመቅዳትዎ በፊት የስቴቱን ሕግ ይዩ። በቨርጂኒያና በዲሲ የእርስዎ ፈቃድ ይበቃል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን የሁሉንም ተነጋጋሪ ፈቃድ ሳያገኙ መቅዳት ወንጀል ነው፤ የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ በዚህ አንድ አይደሉም። ሆስፒታል የሚሠሩ ከሆነ የታካሚ ፋይል ለማስረጃ ብለው ይዘው አይውጡ። አለቆችዎ እርስዎን የሚያባርሩበት ሕጋዊ ምክንያት ያገኛሉ።

ለኤች አር (ለሰው ኃይል ክፍሉ) ሲያመለክቱ በጽሑፍ ይሁን፤ «በዘሬና በትውልድ አገሬ ምክንያት» የሚለው ቃል በግልጽ ይስፈር። «ፍትሕ የለም» ብለው ብቻ ካመለከቱ፣ በኋላ ቢበቀሉብዎ የሕጉን ከለላ ማግኘት ይከብዳል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ቀን በማሳለፍ ነው። የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኢኢኦሲ፣ አቤቱታ የሚቀበለው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ስቴቱ የራሱ ተመሳሳይ ሕግና መሥሪያ ቤት ካለው 300 ቀን ይሆናል። ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተነገረዎ ዕለት እንጂ ከሥራ ከወጡበት አይደለም። የኤች አርን መልስ መጠበቅም ቆጠራውን አያቆመውም። የፌዴራል ሠራተኛ ከሆኑ በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤትዎን የእኩል ዕድል አማካሪ ማነጋገር አለብዎት። በኢኢኦሲ ፖርታል (የኢንተርኔት ገጽ) ላይ ጥያቄ ማስገባት አቤቱታ ማቅረብ አይደለም፤ ቀጠሮ ይዘው፣ ቃልዎን ሰጥተው፣ አቤቱታው ላይ መፈረም ይኖርብዎታል። ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም ግዴታ አይደለም።

ድርጅቱ ከ15 ያነሰ ሠራተኛ ካለው ኢኢኦሲ የዘር አቤቱታውን አያይም፤ በስቴቱ ሕግ ወይም የሠራተኛ ቁጥር በማይገድበው የ1866ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ይሄዳሉ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 በዱክ ፓወር ኩባንያ ላይ የሰጠው ውሳኔ፣ ለሁሉም እኩል የተጻፈ መስፈርት እንኳ ለሥራው ሳያስፈልግ ጥቁሮችን የሚያስቀር ከሆነ ሕገ ወጥ ነው ብሏል። በኤፕሪል 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ግን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በዚህ መንገድ የሚመጡ ጉዳዮችን ወደ ኋላ እንዲያደርጉ አዟል። ውጤቱን ብቻ የሚያሳይ አቤቱታ አሁን ደካማ ነው፤ በስምና በቀን የተያዘው ንጽጽር ይበልጥ ያስፈልጋል።

ኮሚሽኑ ፋይሉን ሲዘጋ የመክሰስ መብት ደብዳቤ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለዎት 90 ቀን ነው። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ በፖርታሉ ስለሚወጣ ያስመዘገቡትን ኢሜይል በየሳምንቱ ይክፈቱ፤ ጠበቃ ፍለጋውንም ደብዳቤው ሳይመጣ ይጀምሩ።