በኢንዶኔዥያ የዝናብ ደን መንደር መኖርና ገንዘብን ሥራ ላይ ማዋል፦ ከካፑዋስ ወንዝ ራስጌ የተወሰደ መመሪያ

በቦርኒዮ ደሴት፣ በኢንዶኔዥያ የምዕራብ ካሊማንታን ክፍለ ሀገር፣ በምድር ወገብ ላይ ከተቆረቆረችው ከፖንቲያናክ ከተማ ተነስቶ 1,143 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የካፑዋስ ወንዝ ሽቅብ የተከተለ መንገደኛ በመጨረሻ «ካፑዋስ ሁሉ» የሚባለው አውራጃ ይደርሳል። «ሁሉ» እዚህ ላይ የእኛ ቃል አይደለም፤ በኢንዶኔዥያኛ የወንዝ ራስጌ ማለት ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው በአነስተኛ አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ፣ ወይም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆነው የመኪና መንገድ ወደ አውራጃው ዋና ከተማ ወደ ፑቱሲባው ይገባል። ከዚያ ወዲያ ካሉት፣ ዳያክ የሚባሉት የደሴቲቱ ነባር ሕዝቦች መንደሮች ብዙዎቹ ግን አሁንም የሚደረስባቸው በጀልባ ነው።

ይህ ጽሑፍ በእንዲህ ያለ መንደር ለመኖርና ገንዘቡን ለሥራ ለማዋል ለሚያስብ የውጭ አገር ሰው የተዘጋጀ ነው። ዋናው ምክር ከመነሻው ይታወቅ፦ መሬት ለመግዛት አይሂዱ። አነስተኛ ገንዘብ ያለው የውጭ ዜጋ በሕግም በኅሊናም ንጹሕ ሆኖ የሚሠራበት መንገድ የመንደሩ ሰዎች በራሳቸው መሬት የሚያመርቱትን በተሻለ ዋጋ የሚገዛ ታማኝ ደንበኛ መሆን ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ወደዚያ የሚያደርሱ ናቸው።

በመጀመሪያ ገንዘብዎን ሳያወጡ ይኑሩበት

ውል ከመፈረምዎ በፊት ቢያንስ አንድ የዝናብ ወቅትና አንድ ደረቅ ወቅት በመንደሩ ያሳልፉ። በዚህ አካባቢ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ ያም ሆኖ ደረቁ ወቅት ሲጠና ትንንሾቹ ወንዞች ጀልባ እስከማያስኬዱ ድረስ ይጎድላሉ፣ ሰዎችም ጀልባውን በድንጋዩ ላይ እየገፉ ይጓዛሉ። አንድ ኪሎ ጭነት ወደ ከተማ ለማውረድ የሚወጣው ወጪ ከወቅት ወቅት ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚያውቀው ሁለቱንም ያየ ሰው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 እንደታየው ደረቁ ወቅት ሲረዝም የሰደድ እሳት ጭስ ሰማዩን ይሸፍናል፤ አስም ያለበት ሰው ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

የመግቢያ ፈቃድዎን ከሚሄዱበት ዓላማ ጋር ያስማሙ። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ መሥራት ክልክል ነው፤ ከተፈቀደው ቀን በላይ የቆየ ሰው በየቀኑ 1 ሚሊዮን ሩፒያ ይቀጣል፣ ከ60 ቀን በላይ ከሆነም ከአገር ይባረራል። ለረጅም ጊዜ ለመቆየት «ኪታስ» የሚባለው ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኢንዶኔዥያና እስራኤል የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስለሌላቸው፣ በእስራኤል ፓስፖርት የሚጓዙ ወገኖቻችን የፈቃዱን ጉዳይ ከሁሉ አስቀድመው ሊያጣሩ ይገባል።

መንደር እንደደረሱ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንደሩ አለቃ ያመልክቱ፤ ይህ በመላው አገሪቱ የተለመደ የእንግዳ ግዴታ ነው። ከመንግሥታዊው አለቃ ሌላ «አዳት» የሚባለውን ባህላዊ ሕግ የሚያስጠብቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሰላምታውና ምክክሩ ለሁለቱም ወገን መድረስ አለበት። ቋንቋውንም ይማሩ። ኢንዶኔዥያኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍ፣ ግሡ በጊዜና በመደብ የማይረባ ቋንቋ ስለሆነ፣ በትጋት የተማረ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ አስተርጓሚ ሊገበያይ ይችላል።

ለኑሮው የሚያስፈልገው

ስለ ጤና ቀልድ የለም። ዴንጊ አስቀድሞ የሚዋጥ መከላከያ ክኒን የለውም፣ ስለዚህ ከትንኝ ንክሻ መጠበቅ ግድ ነው። በቦርኒዮ ደኖች ከጦጣዎች ወደ ሰው የሚተላለፍ የወባ ዓይነትም አለ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀለል ካለው ሌላ የወባ ዓይነት ጋር ሊምታታ ስለሚችል፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ጫካ ውስጥ ሰንብቶ እንደነበር ለሐኪሙ መናገር አለበት። በምዕራብ ካሊማንታን የውሻ እብደት በሽታ ስላለ ክትባቱን ከመሄድዎ በፊት ይውሰዱ። «ፑስከስማስ» የሚባለው ጤና ጣቢያ የዕለት ተዕለት ሕመሞችን ያክማል፣ ለከባድ ሕመም ግን ወደ ከተማ መውረድ ግድ ነው። ለድንገተኛ ጉዞ የሚሆን የጀልባ ነዳጅ ምንጊዜም ቤት ውስጥ ይኑር። ጥሬ ገንዘብ ከፑቱሲባው ይዘው ይውጡ፣ ለመብራትም በፀሐይ ኃይል ይተማመኑ።

መሬቱ የማን እንደሆነ ይረዱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የአገሪቱ የመሬት መሠረታዊ ሕግ ሙሉ የመሬት ባለቤትነትን ለኢንዶኔዥያ ዜጎች ብቻ ይሰጣል። በአንድ ዜጋ ስም ገዝቶ በጎን ውል ባለቤት ለመሆን መሞከር የተለመደ ቢሆንም፣ በዚሁ ሕግ መሠረት ሽያጩ ፈራሽ ነው፤ መሬቱ ለመንግሥት ይሆናል፣ የተከፈለውም ገንዘብ አይመለስም። ኢንዶኔዥያዊ ያገባ ሰው እንኳ የሀብት መለያየት ውል ከሌለው የትዳር ጓደኛውን የመሬት መብት አደጋ ላይ ይጥላል። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ሊያገኝ የሚችለው «ሃክ ፓካይ» የተባለውን የመጠቀም መብት ሲሆን፣ እርሱም 30 ዓመት ሆኖ በ20 ሊራዘምና ለ30 ዓመት ሊታደስ ይችላል።

ደን ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ ይጠልቃል። መንደርተኛው «የአባቴ መሬት ነው» የሚለው ቦታ በመንግሥት ካርታ ላይ የደን ክልል ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ በደን ክልል ውስጥ ደግሞ የባለቤትነት ካርታ አይሰጥም። የመንደሩ አለቃ ፈርሞ የሚሰጠው የይዞታ ማስረጃ ከመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ከሚሰጠው ካርታ ጋር እኩል እንዳልሆነም ይወቁ።

ባዶ የሚመስለው ጫካ ባዶ አይደለም። ዳዋ የዋጠው ቦታ ከዓመታት በፊት ሩዝ የተዘራበት፣ አፈሩ እንዲያገግም የተተወና ባለቤቱ በስም የሚታወቅ እርሻ ሊሆን ይችላል። «ተምባዋንግ» የሚባሉት የዱሪያንና የሌሎች ፍራፍሬዎች ጥንታዊ የአትክልት ስፍራዎች ብዙ ጊዜ አያቶች የኖሩባቸው ቦታዎች ሲሆኑ፣ የተከሉት ሰዎች ዘሮች ሁሉ ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ ወራሾች አንዱ ብቻውን ቢሸጥልዎ የገዙት መሬት ሳይሆን የዘመድ ጠብ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ለኖረ ኢትዮጵያዊ ይዞታና ባለቤትነት የተለያዩ መሆናቸውን መረዳት አያስቸግርም፤ ያንኑ ጥንቃቄ እዚህም ይዞ ይምጣ።

የኢንዶኔዥያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 የባህላዊ ማኅበረሰቦች ደን የመንግሥት ደን አይደለም ሲል ወስኗል። በዚሁ አውራጃ የሚገኘው ሱንጋይ ኡቲክ የተባለው፣ ከዳያኮች አንዱ የሆነው የኢባን ሕዝብ መንደር፣ ዛፍ ቆራጭ ኩባንያዎችን ለአሥርተ ዓመታት ሲመልስ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ለ9,480 ሄክታር ደኑ እውቅና አግኝቷል። በአንድ ረጅም ቤት ጣሪያ ሥር አብሮ የሚኖር ሕዝብ እንዲህ ተሟግቶ ያስከበረውን መሬት በጥቂት ገንዘብ ለመቆራረስ መሞከር ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡን የት ማዋል ይሻላል

የውጭ ባለሀብት ኩባንያ ለማቋቋም የሚጠየቀው የኢንቨስትመንት መጠን፣ መሬትና ሕንፃ ሳይቆጠር፣ ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ ነው፤ ይህም ወደ 600,000 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። አነስተኛ ሥራዎች ለዜጎች የተጠበቁ ናቸው። ስለዚህ ያን ያህል ገንዘብ የሌለው ሰው ከመንደሩ ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የመንደሮች ሕግ መሠረት ከሚቋቋመው የመንደሩ የራሱ ድርጅት ጋር የግዢ ውል ይግባ።

ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለው የደን ማር ይመስለኛል። በዳናው ሰንታሩም ሐይቆች ዙሪያ ማር ቆራጮች «ቲኩንግ» የተባለ የተጠረበ ሳንቃ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አጋድመው ያስራሉ፤ ግዙፏ የዱር ንብም ከሥሩ አንዲት ትልቅ የማር እንጀራ ትሠራለች። እያንዳንዱ ሳንቃ ባለቤት አለው። በካፋና በሸካ ደኖች ቀፎ ዛፍ ላይ ሲሰቀል ያየ አንባቢ ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ ይህች ንብ በዝግ ቀፎ ውስጥ የማትኖር መሆኗ ነው። ችግሩ ያለው እርጥበቱ ላይ ነው፦ የዝናብ ደን ማር ብዙ ውኃ ስለሚይዝ ቶሎ ይቦካል። የእርጥበት መለኪያ፣ እርጥበት የሚቀንስ መሣሪያ ያለው ንጹሕ ክፍልና የሚታሸጉ ዕቃዎች እንዲሟሉ ቅድሚያ ክፍያ መስጠት፣ የውኃው መጠን ከመቶ 22 በታች እንዲወርድ ያስችላል። እጭ ያለበት ክፍል ሳይነካ የማሩ ክፍል ብቻ እንዲቆረጥ፣ ማሩም በእጅ ሳይጨመቅ እንዲንጠባጠብ በውሉ ላይ ያስፍሩ።

የጎማ ዛፍ ከተተከለ ከ5 እስከ 7 ዓመት ሳይሞላው አይደማም፤ ስለዚህ አዲስ ከማስተከል ይልቅ በደኑ መካከል ከቆዩት ዛፎች የሚገኘውን የረጋ ጎማ ከባዕድ ነገር የጸዳ ሆኖ መግዛት ይበጃል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ በተመነጠረ መሬት ላይ የተመረተ ጎማን ከገበያው የሚያግድ ሕግ የአውሮፓ ኅብረት ስላወጣ፣ የቡና ላኪዎቻችን እንደሚያደርጉት የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ይመዝገብ። «ተንግካዋንግ» የተባለው ቅባታማ ፍሬ የካካዎ ቅቤን የሚተካ ስብ ይሰጣል፤ ዛፎቹ ግን በብዛት የሚያፈሩት በየጥቂት ዓመቱ፣ ያውም ባልተወሰነ ጊዜ ስለሆነ፣ ብቸኛ ተስፋ አይደረግም። ክራቶም የተባለው ቅጠል ብዙ ቤተሰቦችን የሚያኖር ቢሆንም በበርካታ አገሮች የተከለከለ በመሆኑ አልመክርም። አረቢካ ቡና ልትከሉ የምታስቡም ተዉት፤ ቆላው ይሞቅበታል።

ውሉን ማድረግ

ዳያኮች እንደ እኛ ደቦ ያለ «ጎቶንግ ሮዮንግ» የሚባል የመተጋገዝ ልማድ ስላላቸው፣ ከዋጋ ንግግር በፊት በጋራ ሥራው ላይ የተገኘ ሰው በሌላ ዓይን ይታያል። ውሉ በኢንዶኔዥያኛ ይጻፍ፤ የምርቱን ጥራት፣ ዝቅተኛውን ዋጋ፣ የቅድሚያ ክፍያውን መጠን፣ ምርቱ በአየር ጠባይ ምክንያት ቢጠፋ ዕዳው ወደሚቀጥለው ወቅት እንዴት እንደሚተላለፍ በግልጽ ይናገር። ቅድሚያ ክፍያው ከአንድ ወቅት ምርት ግማሽ አይብለጥ፤ በዕዳ የተያዘ ገበሬ ምርቱን ለሌላ በድብቅ ለመሸጥ ይገደዳልና። ከመፈረሙ በፊት ማታ ማታ ሰው በሚሰበሰብበት በረጅሙ ቤት በረንዳ ላይ ሴቶችና ወጣቶች ባሉበት ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ለጥያቄም ጊዜ ይሰጥ። ከተፈረመ በኋላ አንዱ ቅጂ ከማኅበሩ፣ ሁለተኛው ከአዳት ሽማግሌው፣ ሦስተኛው ከእርስዎ ዘንድ ይቀመጥ።