ከትንንሽ ልጆች ጋር ሐረር ጀጎል ስትሄዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀጎል በግንብ የታጠረች፣ ስፋቷ 48 ሄክታር ገደማ የሆነ ከተማ ናት። ወላጆችን የሚያሳስታቸውም ይኸው ትንሽነቷ ነው፤ «በግማሽ ቀን እንጨርሳታለን» ብለው ልጆቻቸውን ከሙዚየም ሙዚየም ሲጎትቱ ይውላሉ። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ዋናው ነገር መንገዱ ነው፦ ጠባቡ መተላለፊያ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም የተቀባው ግድግዳ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ደጅ ላይ ተቀምጠው ልብስ የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች። እዚያ ሲቆም አታጣድፉት።

ሁሉንም ቤት ለማየት አትሞክሩ። ለትንንሾቹ በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የሚጠራው፣ ባለቀለም መስታወት ያለው ራምቦ ቤት ይሻላል፤ የሸሪፍ ሙዚየም ሳንቲም፣ ጎራዴና የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ከፍ ላሉት ይሆናል። አንድ ብቻ ምረጡ ብባል ግን ሁለቱንም ትቼ የሐረሪን ባህላዊ ቤት እመርጣለሁ። ጫማ አውልቆ መግባት፣ ከፍና ዝቅ ብሎ በተሠራው ነደባ (መደብ) ላይ መቀመጥ፣ በግድግዳው የተሰቀሉትን ስፌቶች መቁጠር ለልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስፌቶቹን እንዳይነካ ከመግባታችሁ በፊት ንገሩት፤ የቤተሰብ ቅርስ ናቸው።

የሕፃን ጋሪ ይዞ መምጣት ሌላው ስህተት ነው። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ፣ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ጋሪውን ተሸክማችሁ ትውላላችሁ። ሕፃኑን እዘሉት። መራመድ የሚችለው ሲደክመው ወደ አደባባዩ፣ ወደ ፈረስ መጋላ ውጡና ባጃጅ ያዙ።

እኩለ ቀን ላይ አትውጡ። ፀሐዩ ይበረታል፣ ከምሳ በኋላም ከተማው ጭር ይላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ዙሩ፤ ልጆቹ ይተኙ፤ 10 ሰዓት ላይ ተመለሱ። በገበያ ያሉትን ሴቶች ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፤ ልጆቻችሁ የሚማሩት ከእናንተ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚሠራው ማታ ነው። «ዝም በል፣ ጅብ መጣልህ!» እየተባለ ያደገን ልጅ ወላጆቹ ያለ ምንም ዝግጅት መጋቢ ለጅቦች ሥጋ ሲሰጥ ወደሚታይበት ቦታ ይወስዱታል። ፍርሃቱን ያስተማሩት እነሱው ሆነው ሳለ ሲያለቅስ «አይዞህ፣ ምንም አያደርግህም» ይሉታል። ዝግጅቱ ቀን ይጀመር። በግንቡ ሥር ያሉትን ጅቦች የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች አሳዩት፤ የሐረር ሰው ከጅብ ጋር ለረጅም ዘመን አብሮ እንደኖረ፣ ጅቦቹም ሌሊት ገብተው ጥራጊውን እንደሚያጸዱ ንገሩት። ማታ ሥጋው ሲሰጥ ቀረብ ብሎ የማየቱ ምርጫ የእሱ ይሁን።

ሰው ለምዷቸዋል ማለት ግን ለማዳ ናቸው ማለት አይደለም፤ የዱር አውሬዎች ናቸው። ትንሹን እቀፉት፣ ትልቁን እጁን ያዙት፣ ማንም አይሩጥ። ሥጋ የተንጠለጠለበትን እንጨት ለፎቶ ብላችሁ ለልጅ አታስይዙ፤ መጋቢው ቢፈቅድም እናንተ እንቢ በሉ። መኪና ካላችሁ ከመኪናው ውስጥ ማየትም ይበቃል። ልጁ «እንሂድ» ካለ ደግሞ የከፈላችሁትን ገንዘብ ሳታስቡ ወዲያው ይዛችሁት ሂዱ።