ግድግዳ ከማስፈረሳችሁ በፊት ሮቶውን ለኩ

የቧንቧ ሥራ ተበላሽቶባችሁ ከኮንትራክተር ጋር ለምትጨቃጨቁ ትሁን። ለገጣፎ ያለው ቤታችን ግድግዳው ሲረጥብ ኮንትራክተሩ «ላቦት ነው እንጂ ቧንቧው አያፈስም» ብሎ ድርቅ አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቆጣሪው ብዙም አልረዳንም። ስለዚህ ማታ ወደ ሮቶው የሚያስገባውን ቫልቭ ዘጋን፤ የሽንት ቤቱንም እንዲሁ። የውሃውን ከፍታ በእንጨት ለክተን ፎቶ አነሳን። ሌሊቱን ማንም ቧንቧ አልከፈተም። ጠዋት 4 ሳንቲ ሜትር ወርዷል! በማግስቱ እሱ ራሱ ባለበት ደግመን ለካን። ቧንቧው እንደሚያፈስ ስለታየ ክርክሩ እዚያው ቆመ። ባይወርድ ኖሮ ጥርጣሬያችን ወደ ፍሳሽ መስመሩ ይዞር ነበር።

ጥገናውን ከነማብቂያ ቀኑ በጽሑፍ አስፈርሙት። ደግሞ አደራ፣ የፒፒአሩ (የፕላስቲክ ውሃ ቧንቧው) መጋጠሚያ በግፊት ሳይፈተሽ ሴራሚክ እንዳታስለጥፉ፤ ቀሪውን ክፍያም እንዳትለቁ።