ለድሮ የስፌት መኪና ምትክ መርፌ አመራረጥ

ደህና የሚሰፋ የድሮ መኪና መርፌው ከገበያ ስለጠፋ ብቻ አቧራ ሲጠጣ ማየት ያሳዝናል። ምትክ ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት ግን መርፌው በእርግጥ መጥፋቱን ያጣሩ። ሲንገር 15፣ 27፣ 28፣ 66፣ 99፣ 127፣ 128፣ 201 እና 221 የሚጎርሱት ዛሬም በየሱቁ የሚሸጠውን ተራ መርፌ ነው። ፓኬቱ ላይ 15×1፣ ኤችኤ×1 ወይም 130/705 ኤች ቢባል መጠኑ አንድ ነው። በሲንገር 15 አምሳል የተሠሩት ቢራቢሮ የሚባሉት የቻይና መኪናዎችም ይህንኑ ይወስዳሉ።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ 12×1 የሚፈልገው ሲንገር 12፣ 206×13 የሚፈልጉት ሲንገር 206፣ 306 እና 319፣ እንዲሁም ፋብሪካቸው ከተዘጋ ረጅም ዘመን ያስቆጠሩ የአሜሪካና የጀርመን መኪናዎች።

1. ቁጥሩን ይፈልጉ። ከመርፌው ሥር ያለውን ተንሸራታች ክዳን ያጽዱና በብርሃን ይዩት፤ የመርፌው ቁጥር እዚያ የተቀረጸባቸው መኪናዎች አሉ። መሳቢያው ውስጥ የቀረ አሮጌ መርፌ ካለ፣ የተሰበረም ቢሆን፣ አይጣሉት።

2. በካሊፐር (ውፍረትና ርዝመት በሚለካው መሣሪያ) ይለኩ። ሦስት ነገር ይያዙ፦ የግንዱ (የወፍራሙ ክፍል) ውፍረት፣ ግንዱ ክብ ወይም አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ መሆኑ፣ ከአናቱ እስከ ዓይኑ የላይኛው ጠርዝ ያለው ርዝመት። ዋናው ይህ የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው መርፌውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቶ ይገዛና ስፌቱ ይዘልበታል፤ ክሩ የሚያዘው ግን ዓይኑ ባለበት ከፍታ ነው።

ለማነጻጸር፦ 15×1 ግንዱ 2 ሚሊ ሜትር፣ ባለ ጠፍጣፋ ጎን፣ እስከ ዓይኑ 34 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዲቢ×1 ርዝመቱ ተመሳሳይ ሆኖ ግንዱ ክብና 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ዲፒ×5 ክብ፣ 2 ሚሊ ሜትር፣ 34። ዲፒ×17 ደግሞ ውፍረቱ ያው 2 ሆኖ እስከ ዓይኑ 39 ይደርሳል። ከ15×1 ሌላ ያሉት ሦስቱ የፋብሪካ መርፌዎች ስለሆኑ የኢንዱስትሪ መኪና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ይይዟቸዋል።

3. ግንዱን ያስተካክሉ። ረጅም መርፌ ከአናቱ ሊያጥር ይችላል፣ አጭሩን ግን ማስረዘም አይቻልም። ስለዚህ 36 ወይም 37 ሚሊ ሜትር ለሚፈልግ መኪና ዲፒ×17 ገዝቶ ትርፉን ከላይ በሞረድ ድንጋይ መሳል ያዋጣል። መነጽር ያድርጉ፤ መርፌውንም ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፣ ከጋለ ብረቱ ይለሰልስና ይጣመማል። ጠፍጣፋ ጎን ለሚፈልግ መያዣም ክቡን ግንድ በዚሁ ድንጋይ መሳል ይቻላል። ግንዱ ከቀጠነ ደግሞ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ጠባብ ቁራጭ ቆርጠው ከጎኑ ያስገቡ፤ የቆርቆሮው ግድግዳ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በድርብ እስከ 0.2 ይሞላል።

ከዓይኑ በታች ያለውን ሹል ግን አይንኩት። 15×1 በ306 ላይ የማይሆነውም በዚሁ ነው፦ ሹሉ ረዝሞ የቦቢኑን ቤት ይመታል። 206×13 ዛሬም ስለሚሠራ እሱኑ ይግዙ።

4. በእጅ ያዙሩ። የመርፌው ረጅሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት ጎን፣ ጠፍጣፋው ወይም የተጎረደው ጎን ወደ መንጠቆው (ከታች ሆኖ ክሩን ወደሚይዘው ክፍል) ይዙር። መርፌው የሚያልፍበትን ሳህን ፈትተው፣ ያለ ክር፣ የመኪናውን የእጅ ጎማ በቀስታ ያዙሩ። መርፌው ታች ደርሶ መነሳት ሲጀምር፣ በክብ መንጠቆ መኪናዎች 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲወጣ፣ የመንጠቆው ጫፍ ከዓይኑ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መርፌውን ሳይነካ ተጠግቶት ማለፍ አለበት። ክሩ ቀለበት የሚሠራው በዚያች ቅጽበት ነው። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ሞላላ በሆነው ቦቢን ቤት የሚሠሩትም ሕጋቸው ይኸው ነው፤ ጫፉ ከዓይኑ በላይ ማለፉን ይዩ። ዓይኑ ከፍ ካለ ብሎኑን አላልተው መርፌውን ዝቅ ያድርጉ፤ ብሎኑ ግን ግንዱን በደንብ መንከሱን ያረጋግጡ። የብረት መነካካት ድምፅ ከሰሙ ወዲያው ያቁሙ፤ የተጫረ መንጠቆ ከመርፌ ይልቅ ውድ ነው።

5. ይሞክሩ። ባለ 90/14 መርፌ (0.9 ሚሊ ሜትር) በሁለት ድርብ አቡጀዲ ላይ በዝግታ ይስፉ። ስፌት ሲዘል መጀመሪያ የመርፌውን አዟዟር፣ ቀጥሎ ከፍታውን፣ በመጨረሻ ከመንጠቆው መራቁን ይመርምሩ። ቀጭን ግንድ ጋደል ሲል ክፍተቱ ይሰፋል፤ ከታሰበው የቀጠነ መርፌም እንዲሁ። ክሩ የሚተለተል ከሆነ ክብ ግንድ በመያዣው ውስጥ ዞሮ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት በጥቂት ይመልሱት።

እንደ ግሮቨር ኤንድ ቤከርና እንደ ቀደምት ዊለር ኤንድ ዊልሰን ያሉ ቆልማማ መርፌ የሚጠቀሙ መኪናዎች በዚህ መንገድ አይፈቱም፤ ቀጥ ያለውን ማጉበጥ ይሰብረዋል። ለእነሱ ያለው አማራጭ የድሮ ክምችት ነው። ሲገዙ ዝገት የበላውን ይተዉ፤ ዓይኑ ውስጥ ክር አሳልፈው ወዲያ ወዲህ ይሳቡ፣ ከተቆረጠ ዓይኑ ሻክሯል ማለት ነው።